ያልወጣ ዕጣ

ሻያ ወንዝ መሀል ላይ የጸሐፊ ደምመላሽ በቅሎ ቀጥ ብላ ቆመችና ካልጠጣሁ አልሄድም አለች። ፀሐይ ገና መሞቅ ጀምራለች፤ ከወንዙ ማዶ የደረሰው ገብስ ጤዛ አዝሎ ተኝቷል። ጸሐፊው በጅራፍ ሊያባብላት ሲሞክር ከኋላው በጥቁር ፈረስ የሚከተሉት ሽማግሌ ሳቁበት።

«ተዋት ልጄ፣ ኢልመ ኮ። የመንግሥት በቅሎም ውሃ ይጠማታል።»

«ጉባኤው በአራት ሰዓት ነው፣ ኦቦ አደም። ካረፈድን ነውር ነው።»

«ዕጣ አይደል እንዴ? ዕጣ ሰው አይጠብቅም። ወረቀቴ እንደሆነ ቀድሞኝ ጎባ ገብቷል።»

ባላባት አደም ዋርዮ ጎባን የሚያውቋት በሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ግብር ሲያገቡና ሲከሰሱ። ያን ጊዜ በአጠገባቸው ያለችው ሮቤ ረቡዕ ረቡዕ የሚቆም ገበያ እንጂ ከተማ አልነበረችም፤ መንግሥቱ፣ ፍርዱና እስር ቤቱ ጎባ ነው። እና በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ወር፣ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ሳይከሰሱና ሳይጠሩ ወደ ጎባ የሚሄዱት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለዚህም ነጭ ጥምጥማቸውን አጥበዋል፣ ፈረሳቸውንም አስጊጠዋል። ያሳመናቸው ደምመላሽ ነው። እሱን ለማሳመን ደግሞ ማንም አልደከመም፤ ራሱን በራሱ ያሳመነ ሰው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንሆይ ለሕዝባቸው ሕገ መንግሥት ሰጥተዋልና የባሌ መኳንንትና ሹማምንት አንድ ሰው መርጠው ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ይላኩ የሚል ትእዛዝ ከአዲስ አበባ መጣ። መኳንንቱ አሥራ ሁለት ቀን ተሰበሰቡ። ፊታውራሪ ገብረ ሥላሴ ከሚሄድ እኔ እሞታለሁ አሉ ቀኛዝማች ኃይለየሱስ፤ ፊታውራሪውም ስለ ቀኛዝማቹ ያንኑ አሉ። ሁለቱም አልሞቱም፣ ሁለቱም አልተመረጡም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከጥግ ሆኖ ቃላቸውን የሚጽፈው ደምመላሽ ብድግ አለና፣ «ጌቶቼ፣ የመድኃኔ ዓለም ማኅበራችን አለቃውን፣ ሙሴውን፣ የሚሾመው በዕጣ አይደለም ወይ? ዘጠኝ ስም እንጻፍ፣ በጽዋው እናድርግ፣ መምሬ ብዙነህ ያውጡ» አለ። ለዕጣ ማንም አይሸነፍምና ደስ አላቸው። ደስታቸው ሳይበርድም ከዘጠኙ አንዱ የአገሬው ባላባት ይሁን ብሎ ጨመረ። አንድ ከዘጠኝ ምን ያመጣል ብለው ተስማሙ።

«ጽዋው ግን የክርስቲያን ነው» አሉ አደም ወንዙን ሲወጡ፣ እንደ ቀልድ።

«ወረቀቱ ሃይማኖት የለውም፣ ኦቦ አደም።»

«ስሜን በእጅህ ጻፍከው?»

«ትናንት፣ በገዛ እጄ። ዘጠኙንም ጠቅልዬ በጽዋው ከትቼ፣ በጨርቅ አስሬ ራስጌዬ አስቀምጫለሁ።»

«እኔ በቁርኣን ፊደል እንጂ በእናንተ ፊደል ስሜ ምን እንደሚመስል አላውቅም። በክስ ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ተጽፏል፤ ማን አሳይቶኝ!»

«ዕጣው ባይወጣልዎ እንኳ ወረቀቱን አመጣልዎታለሁ። ቃሌ ነው።»

ከፊታቸው የሰነቴ ተራራ ደመናውን እስከ ወገቡ ተከናንቧል፤ ጎባ ከሥሩ ነች። ከዚያ አደም ደምመላሽ የሚወደውን ጥያቄ ጠየቁት። ሕጉ ምን ይላል?

ደምመላሽ ሕጉን ሦስት ጊዜ በእጁ ገልብጦታል፤ በልቡ የያዘው ግን አንዲት ቦታ ብቻ ነበር። ለጊዜው መኳንንቱ ይመርጣሉ፣ ይህም ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ነው የምትለውን። በዚህች ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ዓይኑ ይበራል። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ ግን እንደዚያ ነበር።

«እስኪችል ነው የሚለው። ዛሬ ዕጣ፣ ነገ ሕዝቡ መርጦ ይልካል። ሕዝብ የመረጣቸው ደግሞ ሚኒስትሩን ይመርጡ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ...» ዞር ዞር ብሎ አየ። ከገብስና ከወፍ በቀር የሚሰማ የለም። «ከዚያ ወዲያ ዘውዱስ ቢሆን? ማኅበራችን ጽዋውን በየዓመቱ ከቤት ወደ ቤት ያዞራል፤ ማንም ከቤቴ አይወጣም አይልም። ፈረንሳዮች ንጉሥ የላቸውም አሉ። አገራቸውን የሚገዛውን ለሰባት ዓመት ይሾሙና ሲጨርስ ቤቱ ይገባል።»

«ሰባት?» አሉ አደም። «አንድ ዓመት ጎድሏቸዋል።»

«እንዴት?»

«አያቴ አባ ገዳ ነበር። ስምንት ዓመት ገዛ፣ የሥልጣን በትሩን ቦኩን ለተረኛው አስረከበ፣ በማግስቱ ከብቱን ሊጠብቅ ወጣ። ማልቀስ የለ፣ መሞት የለ። እናንተ መጥታችሁ ተዉ አላችሁን፣ ተውን። አሁን አንተ በበቅሎ መጥተህ፣ ከፈረንሳይ አገር አመጣሁ ብለህ ትነግረኛለህ!» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ያ እስኪችል የምትለው ማንን ነው? እኛ እንችል ነበር እኮ።»

ደምመላሽ አፈረ። አባቱ በዚሁ ሜዳ፣ አገሩ ሲያዝ የወደቀ ወታደር ነው፤ እናቱ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረችና ልጁን ደምመላሽ ያለችው በንዴት ነው። የአደም ታላቅ ወንድምም የወደቀው በዚያው ሳምንት ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ደም እንዲመልስ ስም የወጣለትን ልጅ ያሳደጉት የአባቱ አለቃ ቀኛዝማች ኃይለየሱስ ናቸው፤ አስተምረውት ብርዕ ያዘ፣ ልጃቸውን ሠርከአዲስንም ዳሩለት። ለእሳቸው የማያደርገው አልነበረውም። ትናንት ስማቸውን ከዘጠኙ አንዱ አድርጎ ሲጽፍ ግን ከሌሎቹ በአንዲት ነጥብ አላስበለጠውም፤ በዚህም ኮርቷል።

የቶጎናን ወንዝ ተሻግረው ጎባ ሲገቡ አደም ወደ አገረ ገዥው ግቢ አቀኑ፣ ደምመላሽ ጽዋውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ታጠፈ።

ሠርከአዲስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጽዋው በነጭ ጨርቅ እንደታሰረ በእጇ ነው። የግራ እጇ ሌባ ጣት ቀለም ነክቶታል።

«ዛሬም ጽፈሻል» አላት ደስ ብሎት።

«ዳዊት ስገለብጥ ነው» አለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማራት እሱ ነው። ግራኝ ስለሆነች መምሬ ብዙነህ ግራ እጇን እሰረው ብለውት ነበር፤ አላሰረውም። አባቷ ደግሞ ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል ብለው ለአንድ ወር ቤቱን አልረገጡም። እሱ ግን እሷ ወደ ግራ ያዘነበሉ ፊደሎቿን ስትደረድር እያየ፣ እስኪችል የሚለው ነገር እዚሁ ጎጆዬ ውስጥ ተጀመረ ይል ነበር። ያቺን የቀለም ጣት ያዝ አድርጎ ለቀቃት።

«አደም መጣ?» አለችው።

«መጡ። ብታዪያቸው፣ እንደ ሙሽራ ለብሰዋል።»

ጽዋውን ሰጠችውና ወደ ውስጥ ገባች።

በአዳራሹ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ተቀምጠዋል። የአገረ ገዥው እንደራሴ ከላይ፣ ፊታውራሪ ገብረ ሥላሴ በቀኝ፣ ቀኛዝማች ኃይለየሱስ በግራ፣ ከዚያ ግራዝማቾቹና ባላምባራሶቹ እስከ ታች ድረስ። አደም ዋርዮ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ደምመላሽ በርጩማ አመጣላቸው፤ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ ኩታቸውን አስተካክለው ተቀመጡበት።

መምሬ ብዙነህ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ጽዋውን ሦስት ጊዜ ነቀነቁ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጥቅል አወጡና ለእንደራሴው ሰጡ። እንደራሴው ወረቀቱን ፈቱ።

«ቀኛዝማች ኃይለየሱስ!»

አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ቀኛዝማቹ ተነሥተው መሬት ሳሙ፤ እንባቸው ሽበታቸው ላይ ወረደ። «እኔ ምን ሆኜ! እሱ ፈቀደ እንጂ እኔ ምን ሆኜ!» አሉ። ፊታውራሪ ገብረ ሥላሴ እንኳ ተነሥተው አቀፏቸው፤ ከእግዚአብሔር ጋር ማን ይጣላል? ደምመላሽ ላሳደገው ሰው ደስ አለው፣ ለአደም ግን ከፋው። ወደ በሩ ሲመለከት ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ቀኛዝማቹ ሲመጡ አየ።

«አላህ ከሰጠዎት እኛም ሰጠን» አሉ አደም እጃቸውን ዘርግተው። «ሲሄዱ የእኛንም ነገር ይንገሩልን።»

«እንዴታ! እንዴታ!» አሉ ቀኛዝማቹ።

ያልወጣ ዕጣ አይከፈትም። የማኅበሩ ሥርዓት ነው፤ ጎባ ማኅበሩ ከተተከለ ጀምሮ የተረፈውን ዕጣ የገለጠ ሰው የለም። እግዚአብሔር ያልፈቀደውን ከፍቶ ማየት እሱን መመርመር ነውና ይነድዳል፣ በዚያው ያበቃል። ለዚህ ነው መምሬ ብዙነህ ጽዋውን ለደምመላሽ ሲሰጡ ያው እንደተለመደው፣ «ወደ እሳቱ» ብቻ ያሉት።

ከአዳራሹ ጀርባ ዘበኞች ውሃ የሚያፈሉበት እሳት አለ። ደምመላሽ እዚያ ቁጢጥ አለና ጽዋውን በጉልበቱ መሀል አደረገ። ቃሉን አልረሳም። የአደምን ወረቀት ብቻ፣ አንዷን ብቻ፣ አውጥቶ የቀረውን ያቃጥላል። እግዚአብሔር በዚህስ ይቆጣ ይሆን ብሎ ትንሽ ፈራ፤ አማተበና የመጀመሪያውን ጥቅል ፈታ።

ቀኛዝማች ኃይለየሱስ።

የወጣው የእሳቸው አይደለም እንዴ ብሎ ግራ ተጋባ፤ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ይሆን? ሁለተኛውን ፈታ። ቀኛዝማች ኃይለየሱስ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። የቀሩትንም ፈታ። ስምንቱም አንድ ስም ነው። ስምንቱም ላይ ፊደሎቹ ወደ ግራ ያዘነብላሉ።

ወረቀቶቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደረበ፣ እንደገና ገለጠ። አንድ ዘበኛ «ጸሐፊ፣ አመመዎት?» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ፊታውራሪው ቢያደርገው፣ እሪ ብሎ አዳራሹን ይንጠው ነበር። ይህ ግን እሱ ይዞ፣ መስመሩን እያሳየ፣ ሀ ያስባለው እጅ ነው። የተጻፈውም ስም፣ አባት ለሌለው ለእሱ ያባት ያህል የሆነ ሰው ስም ነው። ያሉትን ሁለቱን ሰዎች ባንድ ጠዋት አጣቸው። ስምንቱን ወረቀት ካፖርቱ ውስጥ ከተተ፤ እሳቱ ባዶውን ነደደ።

ሠርከአዲስ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። መደብ ላይ ተቀምጣ እጇን ታሻሻለች፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ፊቷ ዘረጋቸው።

«ከፈትካቸው?» አለች በድንጋጤ። «ያልወጣ ዕጣ ትከፍታለህ?»

«ይህ ነው የገረመሽ?»

አጎነበሰች። «አባዬ ሌሊቱን ሳይነጋ፣ አንተ ወደ ሻያ እንደወጣህ መጣ። ቁጭ ብዬ እስክጨርስ ራሴ ላይ ቆሞ ነበር። ስሙን ስጽፍለት አነበበው፤ መጀመሪያ ጊዜ ነው እጄን ያየልኝ።»

«እምቢ ማለት አቃተሽ?»

ያን ጊዜ ቀና አለች። ዓይኗ ደርቋል፣ ድምፅዋ ግን አልደረቀም።

«አላቃተኝም። ልጻፍ ብዬ ነው የጻፍኩት። የተቀመጥንበት የማን አባት መሬት ነው? የአደም! ዕጣው ቢወጣለት አዲስ አበባ ገብቶ መጀመሪያ የሚናገረው ምንድን ነው? መሬቴን! ንግግሩን አሳምሮ የሚጽፍለት ደግሞ ማን ነው? አንተ! እኛን ከቤታችን የሚያስወጣ ሰው በፈረስ አጅበህ አመጣህ፤ እኔ ዝም ብዬ ልይህ?»

«ዘጠኝ ነበሩ፣ ሠርኬ። ከዘጠኝ አንድ።»

«አንድም ይወጣል።»

«ሕዝቡ እስኪችል ብዬ ላስተማርኩሽ...»

«ቻልኩ እኮ» አለች። «ስትመኘው የነበረው ይኸው ነው። ጻፍኩ፣ መረጥኩ። አባቴን መረጥኩ።»

ስንት ዓመት ሕዝቡ ሲችል እንዲህ ይሆናል፣ እንዲያ ይሆናል ሲል፣ የቻለው ሰው ምን ሊመርጥ እንደሚችል አንድ ቀን እንኳ አላሰበም። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። እሷ ስሙን ጠራችው፤ አልዞረም።

ቃለ ጉባኤው ይቀራል። እንደራሴው ለምሳ ተነሥተዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ቀኛዝማች ኃይለየሱስ ብቻቸውን የጸሐፊውን ጠረጴዛ ተደግፈው ቆመዋል። ደምመላሽ ሲገባ ፊቱን አይተው ሁሉንም አወቁ።

«አነደድካቸው?» አሉት።

ደምመላሽ ካፖርቱን መታ አደረገ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሁለቱም ሰሙት።

ቀኛዝማቹ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለው። እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ፤ በልጅነቱ እናቱ አባቱን እያሰበች ስታለቅስ፣ በኋላም ሲማር፣ ሲዳር፣ ያው እጅ ትከሻው ላይ ነበር። «ልጄ፣ የማን እጅ እንደሆነ አውቀሃል። ብታወጣው እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ይስቁብኛል፤ እሷን ግን በዕጣ ላይ ያታለለች ብለው ከማኅበሩም ከቤተ ክርስቲያኑም ያስወጧታል። አንተው አስተምረሃታል ይላሉ ደግሞ፣ ውሸትም አይደለም። ይልቅ ጻፍ።»

«አባቴ ነዎት ብዬ ኖርኩ» አለ ደምመላሽ።

«ነኝም። ጻፍ።»

ተቀመጠ። ብርዑን ቀለሙ ውስጥ ነከረና በጥንቃቄ፣ ባማረው ጽሕፈቱ፣ ዕጣው በጉባኤው ፊት በእውነት ወጥቶ ለቀኛዝማች ኃይለየሱስ እንደደረሰ ጻፈ። ማኅተሙ አጠገብ ስሙን አኖረ። ቀኛዝማቹ ግንባሩን ስመውት ወጡ። ደምመላሽ ስምንቱን ወረቀት ከካፖርቱ አውጥቶ ተመለከተና መልሶ ከተተው፤ በመስኮቱ በኩል የጥቁሩን ፈረስ ልጓም ይዘው የቆሙትን ሰው አየ። ከቃለ ጉባኤው ጥግ ነጭዋን ጠርዝ ቀደደ። ብርዑን እንደገና ነከረ።

አደም ዋርዮ ሲያዩት ፊታቸው ፈካ።

«ቆየህ፣ ኢልመ ኮ። ሳላይህ አልሄድም ብዬ ነው። ስሜ ነበረበት?»

«ነበረበት።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ አላህ አላለውም ማለት ነው፤ እኔ ምን እላለሁ። ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ስምንት ዓመት መጠበቅ የለመድን ሰዎች ነን።» ዘወር አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ ጠዋት የነገርከኝ፣ ዘውዱ ሳይቀር የምትለው፣ እውነት ይሆን ይሆናል ብዬ ሳስብ ነበር፣ እዚህ ቆሜ። አያቴ ቢሰማው በሳቀ። ወረቀቴንስ?»

ደምመላሽ ጥቅሉን ዘረጋላቸው። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ፈቱና ብርሃኑ ላይ ከፍ አደረጉት። እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው ተከተሉ። «ይቺ አ ናት? ይቺስ?» አሉ፤ ደምመላሽ ነገራቸው። አደም በዋርዮው መጨረሻ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

ጣታቸውን ሲያነሱ ጥቁር ሆኗል።

አደም ዋርዮ በልጅነታቸው አራት ዓመት በእንጨት ሰሌዳ፣ በሉሕ ላይ ቁርኣን የጻፉ ሰው ናቸው፤ ከጥላሸት የተበጠበጠ ቀለም በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ ከጸሐፊው እኩል ያውቃሉ። ጣታቸውን አዩ። ወረቀቱን አዩ። የተቀደደውን ጠርዙን አዩ። ከዚያ ደምመላሽን አዩት፣ ረጅም ጊዜ።

«ትናንት ነው ያልከኝ» አሉ።

ደምመላሽ አፉን ከፈተ፤ ስምንቱ ወረቀት ደረቱ ላይ ተንኮሻኮሸ። እውነቱን ቢናገር የሚከሰሱት ሚስቱ፣ አሳዳጊውና እሱ ራሱ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አልቻለም።

አደም ወረቀቱን እንደነበረ ጠቀለሉት፣ መዳፉ ላይ አኖሩለት፣ ጣቶቹንም አጥፈው ከደኑለት። ጥቁሩን አውራ ጣታቸውን በፈረሳቸው ጋማ ጠረጉ። «ነገያቲ፣ ደኅና ሁን» ብለውት በእርካቡ ወጡና ወደ ቶጎና ወረዱ፤ ፈረሱ ሲሄድ ነጩ ጥምጥም ከደረሰው ገብስ በላይ ለብዙ ጊዜ ይታይ ነበር።